ድምፅሽ የሌለበት ካሴት

ለእህቴ ለናፊሳ፤ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱ እንዴት ያደርግሻል? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይስ እንደ በፊቱ ከሰዓት በኋላ ይነሣብሻል? የምትሠሪበት ቤት ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ደህና ናት፣ ባለቤቴ ፋዲላ ደህና ናት፣ ልጆቹንም ወባው ከለቀቃቸው ወር አልፏል። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ገብቷል። ዘንድሮ ወፉ አስቸግሮን ነበር፤ ቢሆንም የተረፈው ዓመት ያደርሰናል ኢንሻአላህ።

ይህን ሁሉ የጠየቅሁት የምትሰሚኝ አንቺ ከሆንሽ ነው። ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አሁን ወረቀቱን ይዞ የሚያነብልሽ አንድ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ አልጠረጥረውም ብዬም አልዋሽም። አንተ ወንድሜ፣ መስመር ሳትዘል፣ ከራስህም ሳትጨምር አንብብላት። ፖስታውን በቀይ ክር አሥራ አንድ ጊዜ ወግቼ ሰፍቼዋለሁ። ከመከፈቱ በፊት ቆጥራችሁት ካልሆነ አሁን የክሩን ቀዳዳ ቁጠሩ። አሥራ ሁለት ከሆነ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው አንብቦታል ማለት ነው።

እስከ ዛሬ በካሴት ስንነጋገር ኖረን ዛሬ ወረቀት ለምን አስፈለገው ትዪ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አስፋው በራችንን አንኳኳ። መቼም አስፋውን አትረሺውም፤ ከድሬዳዋ ሲሚንቶ እየጫነ ደሴ የሚመላለሰው ሹፌር ነው፤ ያለፉትን ካሴቶችሽንም ያደረሰልን እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ሲመጣ እኩለ ቀን ላይ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ልጆቹ ሮጠው ይቀበሉታል፤ እሱም ማንጎውን እየበላ ወሬውን ያወራል። የዚያን ዕለት ግን ገና ፀሐይ ሳትወጣ በእግሩ መጥቶ በቀስታ አንኳኳ። ሰዓት እላፊ ይዞኝ መኪናው ውስጥ አደርኩ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ልውጣ ብዬ ነው አለ። ካሴቱን በወረቀት እንደተጠቀለለ እጄ ላይ አስቀመጠና ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

አገርሽን ረስተሽው ካልሆነ፣ በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። እማ ከመኝታዋ ተነሥታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ኖሯል። ማን ነው? አለችኝ፤ አስፋው ነው፣ የናፊሳን ካሴት አምጥቶ ነው አልኳት። ታዲያ ለምን አልተቀመጠም? አለች። እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር።

እንደ ደንባችን ሁላችንም ተሰበሰብን። እማ የታጠበ ሻሽዋን አድርጋ ቴፑ ፊት ተቀመጠች። አንቺ ከቴፑ ውስጥ «እማ ደህና ነሽ?» ስትዪ «ደህና ነኝ ልጄ» እያለች እንደምትመልስልሽ ነግሬሻለሁ። አፏን ከፈት አድርጋ፣ መልሱን አዘጋጅታ ጠበቀች። ቁልፉን ተጫንኩት። የማላውቃት ሴት በፈረንሳይኛ መዝፈን ጀመረች።

መጀመሪያ ላይ ለማሟሟቂያ ያስገባሽው መስሎኝ ነበር። ዘፈኑ አለቀ፤ ሌላ ዘፈን መጣ። እሱም አለቀ፤ ሦስተኛ መጣ። ዘፈን ቤቷ አስገብታ የማታውቀው እማ፣ ያንቺ ድምፅ ይከተላል ብላ አንድ ሙሉ ገጽ ሳትነቃነቅ ሰማች። ገለበጥኩት። በሁለተኛውም ገጽ ዘፈን ብቻ ነው። ሲያልቅ እማ ሻሽዋን ፈታችና፣ ድምፅ የሌለው ሰው ነው ሌላ ሰው የሚያዘፍነው፣ ልጄን ደብቃችሁኛል አለችኝ።

እሷን ለማጽናናት ያልቀባጠርኩት የለም። ናፊሳ ቤት ውስጥ የምትሰማውን እንድንሰማላት ብላ ነው አልኳት፤ ካሴት ተሳስታ ልካ ይሆናል አልኳት። በሆዴ ግን ቆጠርኩ። ለረመዳን ዒድ ድምፅሽን ላክሽ፤ ለአረፋ ዝም አልሽ፤ ከዚያ ይህ መጣ። ደግሞ ሰው በባዕድ አገር ሲሞት ጓደኞቹ ለቤተሰቡ ዕቃ መላካቸውን ወዲያው አያቋርጡም፤ መርዶው የሚነገርበት ቀን እስኪመቻች ድረስ በሕይወት እንዳለ አስመስለው ይልካሉ። የእኛው ሰፈር ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ ዐይቻለሁ። እኔ ራሴም ለሰው አድርጌያለሁ።

ስለዚህ ካሴቱን ስፌት ሱቄ ወስጄ መመርመር ጀመርኩ። ልብስ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ ገልብጬ ስፌቱን እንደማይ ታውቂያለሽ፤ ይህንንም እንደዚያው አደረግሁት። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ፣ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ሰማሁት። የቀበሌው ጥበቃ ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ይህ የማን አገር ዘፈን ነው ብሎ ስለጠየቀኝ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ በስፌት መኪናዬ እየሰፋሁ ነበር የምሰማው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እነዚህን ሰዎች አላመንኳቸውም። የመጀመሪያዋ ሴት ለጎረቤት ስሞታ እንደምትናገር ሆና ትጀምርና፣ እኔ ገና ነገሩ ሳይገባኝ ከኋላዋ ሃምሳ መሰንቆ የሚያህል ነገር ይነሣና አብሯት ያለቅሳል። ሁለተኛው ወንድ ነው፤ ይዘፍናል ለማለት ይቸግራል፤ ጆሮ ሥር ሆኖ ያወራል። ወንድ ልጅ እንዲህ ድምፁን አለስልሶ የሚያወራው ሰው ሊያታልል ሲፈልግ ነው። ሦስተኛዋ ልጅ እግር ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ፈጠን ፈጠን ትላለች። እሷን ስሰማ አንድ ቀን የገዛ እግሬ የመኪናውን መርገጫ በዘፈኑ ምት ሲረግጥ ያዝኩት። አሁን እግሬንም አላምነውም። የሰው ሱሪ አጣምሜ ሰፍቼ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ትንሿ ልጄ ደግሞ ቃሉን ሳታውቀው «ላላላ» እያለች ውሃ ትቀዳበታለች። ብቆጣትም አልተወችም፤ ኋላ ላይ መቆጣቱን ተውኩት።

ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ጋሼ ተፈራን አገኘሁ። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ እዚህ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ዘፈኑ ውስጥ መልእክት ካለ ይንገሩኝ ብዬ ቤት ወስጄ አስቀመጥኳቸው። ከሸክላ ላይ ነው የተቀዳው፣ የቀዳው ሰው ቴፑን ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ አስቀምጦ ነው፣ የክፍሉ ድምፅ ሁሉ ገብቷል አሉ። ከዚያ መተርጎም ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ፍቅረኛዋ ሄዶባት መስኮት ላይ ቆማለች። ሹክሹክታው ሰውዬ የሄደችበትን ሴት ወንዝ ዳር ይፈልጋል። ልጅ እግሯ ደግሞ ጓደኞቿ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነው ሲያልፉ ብቻዋን ትሄዳለች። እኔ ጆሮዬን አቆምኩ። ጋሼ፣ ሁሉም ስለ ሄደ ሰው ነው፣ ይህ እንዲያው የሆነ አይደለም፣ ሰው መርጦ የላከው ነው አልኳቸው። ሳቁብኝ። ልጄ፣ ፈረንሳዮች ከዘፈኑ የሆነ ሰው መሄዱ አይቀርም አሉኝ።

አራተኛው ዘፈን ሲጀምር ግን ሳቃቸው ቆመ። አልተረጎሙልኝም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ። ኋላ እንደነገሩኝ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ በሠራተኞቹ ክበብ ከሟች ባለቤታቸው ጋር የጨፈሩበት ዘፈን ኖሯል። ለእኔ የነገሩኝ ግን ዘግይተው ነው። እማ በበሩ ስትገባ ያየችው አንድ ነገር ነው፤ ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ሽማግሌ ካሴቱን ሰምተው ሲያለቅሱ።

ናፊሳ፣ የእማን ጩኸት ልነግርሽ አልችልም። ነገሯችሁ! ነገሯችሁ! እያለች ወገቧን በነጠላዋ አሠረች። ጋሼ ተፈራ፣ እትዬ እኔ ለራሴ ነው የማለቅሰው ቢሏት ማን ይስማቸው? ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ስምሽን እየጠሩ ደረት መምታት ጀመሩ። እኔም መካከል ቆሜ እህቴ አልሞተችም ለማለት አፌን ከፈትኩና ቃሉ አልወጣ አለኝ፤ አላውቅማ!

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሱቅ ሮጬ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አመጣሁና ቴፑን ለቅሶው መሐል አስቀመጥኩት። ሞታለች የምትሉ፣ መርዶው የት ላይ እንደተነገረ አብረን እንስማ አልኩ። ቀበሌው የፈለገውን ይበል ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሴቶቹ ከድንጋጤያቸው ዝም አሉ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው ዘፈን ውስጥ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ልትስብ ዝም ስትል፣ ከሩቅ፣ ከክፍሉ ጥግ፣ ሴት አስነጠሰች። ቀጥላም «አልሐምዱሊላህ» አለች።

እማ ሳታስበው «የርሐሙኪላህ» ብላ መለሰች። ከዚያ ምን እንዳለች ራሷ ሰማችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ሳምንት ሙሉ የስፌት መኪና እያንኳኳሁ ስሰማ ያመለጠኝ ይህ ነበር። መልሼ አጫወትኩት። እሷ ናት! ልጄ ናት! ከማንም ጋር አላምታታትም! ብላ እማ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። ለለቅሶ የመጡት ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሼ ተፈራ እንኳ እንደገና አለቀሱ፤ ለየትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ እማ ሰላም ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጎረቤት ሲመጣ ያንን ዘፈን ክፈቱልኝ ትላለች። የምታምነውን አግኝታለች። እኔ ግን፣ እህቴ፣ አመሌን ታውቂዋለሽ። ሸክላው የተቀዳበትን ቀን ካሴቱ አይናገርም። ከአረፋ በፊት ይቀዳ፣ በኋላ ይቀዳ፣ ምን አውቃለሁ? ደግሞ አንቺ ስታስነጥሺ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው፤ በልጅነታችን ሁለተኛውን እየጠበቅን እንስቅብሽ ነበር። እዚህ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጅቡቲ ውስጥ አስነጥሳ አላህን የምታመሰግን ሴት አንቺ ብቻ አይደለሽም። ይህን ለእማም ለፋዲላም አልተናገርኩም። እማን ሳጽናና በነበርኩበት ጊዜ ፍርሃቱን ሁለት ሆነን ተሸክመነው ነበር። አሁን እሷ አወረደችው፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁበት።

አስፋው ባለፈው ሳምንት ሲመለስ አንቄ ያዝኩት። ኬላ ላይ ካሴት እየከፈቱ ይሰማሉ፣ ሰው የሚያወራበት ከሆነ ይወስዱታል፣ ዘፈን ከሆነ ያሳልፉታል፣ ካሴቱን ያቀበለችኝ በባቡር የምትነግድ ሴት ያለችኝ ይህን ነው አለ። አንቺን አይታሽ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ከሌላ ሰው ነው የተቀበለችው አለኝ። ምናልባት እውነት ይሆናል። ምናልባት ድምፅሽ እንዳይወሰድ ብለሽ ዘፈን ብቻ ላክሽ። ባምነው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሌላ ካሴት ቅጂ፤ ዘፈን ሙዪበት፤ ኬላው ይለፈው። በሦስተኛው ዘፈን መሐል ግን ወደ ቴፑ ቀረብ በዪና የምትቀጂበትን ወርና ዓመት ጥሪ፤ ደግሞ ስትሄጂ እማ አንገትሽ ላይ ያሰረችልሽ ምን እንደነበር ተናገሪ። ሌላ ወሬ አልፈልግም። የቀረውን ዘፈን እኔ እሰማዋለሁ። የልጅ እግሯን ዘፋኝ ስምና ማንነት የሚያውቅ ካለ ይነገረኝ፤ የእሷ ሌላ ዘፈን ካለም ጨምሪበት። እንግዲህ ለመድኳት፣ ምን አደርጋለሁ።

እማ ሰላም ትልሻለች፤ የማንጎውን ዛፍ ያንቺ ነው ብላ ማንም እንዳይነካው ከልክላለች። ፋዲላ እጅ ትነሣለች። ኢብሮ ቁመቱ እኔን ሊያክል ነው፤ አክስቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል። ትንሿ ሐምዲያ ቴፑን በፊቷ አቁማ ሰላም ብላሻለች። ጋሼ ተፈራ ለቤቱ ባለቤት ለማዳም ምስጋና አድርሱልኝ ብለዋል። እኔ ወንድምሽ አብዱረዛቅ ከሁሉ አብልጬ ሰላም እልሻለሁ።

አንተ የምታነበው ወንድሜ፣ አጠገብህ ተቀምጣ እየሰማች ከሆነ ሰላምታውን አድርስልኝ፤ አላህ ይስጥህ። ቦታዋ ባዶ ከሆነ ግን እማን ተዋት፤ ካሴትም ዕቃም አትላክ። የእያንዳንዳችንን ሰላምታ አንድም ሳታስቀር፣ ለእኔ ብቻ፣ በስሜ፣ መልሰህ ላክልኝ።

ሸዋ ሮቢት፤ ጥር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.