ሳያዩ የጻፉትን አይተው ያረሙት መርከብ መርማሪ፦ የአቶ ኤባንዘር ፕሪቻርድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤባንዘር ፕሪቻርድ ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከአቶ ኢዮርዌርዝ ፕሪቻርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲዋን፣ በዌልስ አገር ከፖርትማዶክ ወደብ በላይ ባለችው መንደራችን እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1826 ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በቤተ ጸሎቱ የእሑድ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት አላገኙም። እንግሊዝኛውን በኋላ ለመዝገቡ ሲሉ ተማሩት እንጂ እስከ መጨረሻው አልወደዱትም።

በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ወደ አቶ ሻድራክ ፓሪ የመርከብ መሥሪያ ለአናጢነት ገቡ። እንጨቱን በመዶሻ አንኳኩተው፣ ድምፁን ሰምተው ብቻ ጤነኛውን ከበሰበሰው ይለዩ ስለ ነበር፣ በ1851 ለመርከቦች ደረጃ የሚሰጠው ማኅበር የወደባችን መርማሪ አድርጎ ሾማቸው። መርማሪ አንዲት መርከብ ስትሠራ ሦስት ጊዜ ሄዶ ያያታል። ያየውን ይጽፋል፤ እሱ በጻፈው መጠን ይህን ያህል ዓመት አንደኛ ደረጃ ናት ትባላለች። ደረጃ የሌላትን መርከብ ነጋዴ ዕቃ አይጭንባትም።

በ1850 ከወይዘሮ ሎውሪ ሞስቲን ጋር ተጋብተው ወንድሜን ዮናን፣ ቀጥሎም እኔን፣ ይህን የምጽፈዋን ኔስታን፣ ወለዱ።

አሁን ወደ ግዌንሊያን ልምጣ። የቤተ ጸሎቱ ሽማግሌዎች "ኔስታ፣ የጨዉን ነገር ተይው፤ ቀብር ላይ አይነበብም" ብለውኛል። አባቴ ራሳቸው በመዝገብ ያሰፈሩትን እኔ ምን ብዬ ነው የምደብቀው? ይነበባል።

ግዌንሊያን የምትባለው ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ በ1853 በአቶ ሻድራክ እጅ ተሠራች። እንደ መርከቦቻችን ሁሉ ባለቤቷ አንድ ሰው አልነበረም፤ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ሰባኪውም፣ ባሏ የሞተባትም ሴት ድርሻ ነበራቸው። ሳንቃውን በሚሸከሙት የመርከብ ጎድኖች መካከል ጥሬ ጨው ሲሞላ እንጨቱ ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ ማኅበሩ በደረጃዋ ላይ አንድ ዓመት ይጨምርላታል። አባቴ ለሁለተኛው ምርመራ ሲሄዱ የጨዉ ጆንያ ባሕሩ ዳር ተደርድሮ ነበር፤ ገና አልፈሰሰም። በዚያው ሰዓት አዋላጇ ሰው ላከችባቸው፤ እናቴን እኔን ሊወልዱ ምጥ ይዟቸው ነበር።

አቶ ሻድራክም "ሂድ እንጂ ኤባንዘር! ጨው ሲፈስ አይተህ አታውቅም? ዛሬ ይሞላል፣ ነገ ይከደናል" አሏቸው። አቶ ሻድራክ ሙያ ያስተማሯቸው፣ የቤተ ጸሎቱም ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ቆሜ ልይዎት ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አባቴ "በጨው ተሞልታለች፤ አይቻለሁ" ብለው ጻፉና ወደ ቤት ሮጡ።

በ1874 ግዌንሊያን ደረጃዋ እንዲታደስላት ምርመራ ታዘዘላት። ባለቤቴ ሜሬዲዝ የመርከቧ ካፒቴን ምክትል ነበር፤ ከተጋባን አምስት ወራችን ነው። የጣሪያ ድንጋይ ጭነው ወደ ሃምቡርግ ሊሄዱ ቀን ቆርጠዋል። አባቴ ቀኝ ጎኗን ሲያንኳኩ እንደ ደወል ጮኸ። ግራ ጎኗ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ሞተ። በመሰርሰሪያ ቢበሱት የወጣው እንጨት በጣት የሚፈርስ ሆነ። ለካ ያን ጊዜ፣ ጆንያው ገና ባሕሩ ዳር ሳለ፣ ዝናብ ጥሎ ግማሹ ጨው ቀልጧል፤ የተረፈው ለቀኝ ጎኗ ብቻ በቅቷል።

መዝገቡ "ጨው አላት" ስለሚል፣ ሁለት ሳንቃ ተቀይሮላት መሄድ ትችል ነበር። ግራ ጎኗ በሙሉ እንዲከፈት ግን አባቴ "መዝገቡ ውሸት ነው፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ" ማለት ነበረባቸው። ሹመታቸው የሚቀርበት ነገር ነው።

ሜሬዲዝ ማዕድ ላይ "አባባ፣ ሁለቷ ሳንቃ ትቀየርና እንሂድ። ስንመለስ ይከፈታል" አላቸው።

"ካልተመለሳችሁስ?"

"የባሕር ሰው ነኝ እኮ!"

"አንተ የባሕር ሰው ነህ፤ እኔ ግን የልጄን ባል በፊርማዬ አላሰጥምም።"

እኔም ዝም አላልኩም። "ሃያ አንድ ዓመት ተቀምጠው አሁን ነው የታየዎት?" አልኳቸው።

"አሁን ነው ያየሁት" አሉ። "ያኔማ አላየሁም።"

በማግስቱ ለማኅበሩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "በግዌንሊያን ጨው ሲሞላ አይቻለሁ ብዬ ነበር። አላየሁም። ግራ ጎኗ በሙሉ ይከፈት።"

ደረጃዋ ተነሣ። አባቴ ለአንድ ዓመት ከሥራ ታገዱ። ዳቦ ጋጋሪው ባዩዋቸው ቁጥር "ለኤባንዘር ጨው ያልነካው ዳቦ ስጡት!" ይሉ ነበር። በቤተ ጸሎት ከጎናቸው የሚቀመጥ ጠፋ። እኔም ልጃቸው ስምንት ወር ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ሳንቃው ሲነሣ አሥራ አራት ጎድኖች በስብሰው ተገኙ። አቶ ሻድራክ በስተርጅና በምርኩዝ መጥተው አዩና "ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ። አባቴ "እርስዎ አልሞሉም፣ እኔ አላየሁም፤ እኩል ነን" ብለው መለሱላቸው። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው በታገዱበት ዓመት ያችኑ መርከብ በአናጢነት ጠገኑ። ጨዉ በተሞላ ቀን ከሌላ ወደብ የመጣውን ወጣት መርማሪ ክንዱን ይዘው "እዚህ ቁም፤ ሚስትህ ብትወልድም ንቅንቅ እንዳትል!" ሲሉት ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪውም ሳቁ። እኔም በዚያ ምሽት ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታ አላልኩም፤ እሳቸውም ወንበር ሳቡልኝና የበግ ሾርባ ቀዱልኝ።

በ1875 ግዌንሊያን ደረጃዋን መልሳ አገኘች። አባቴም ወደ ሥራቸው ተመልሰው እስከ 1891 አገለገሉ፤ ከዚያች መርከብ ነገር ወዲህ የሩቅ ወደብ ሰው ሳይቀር "ኤባንዘር ያያት ናት?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ሎውሪ በ1888 ቀድመዋቸዋል።

አባቴ ባለፈው ክረምት በጀመራቸው የደረት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 4 ቀን 1899 በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። የሁለት ልጆች አባትና የስድስት ልጆች አያት ነበሩ።

ባለቤቴ ሜሬዲዝ ዛሬ እዚህ አልቆመም። አሁን የግዌንሊያን ካፒቴን ነው፤ ድንጋይ ጭኖ በባሕር ላይ ስለሆነ መርዶውን ሃምቡርግ ሲደርስ ይሰማል። እንግዲህ ከሟች ቤተሰቦች መካከል እሱን፣ ከእሱም ጋር በመርከቧ ላይ ያሉትን ስድስት መርከበኞች፣ ዘመድ ባይሆኑም የተሸከማቸው አባቴ ያስከፈቱትና የጠገኑት ጎን ነውና ጽፌአቸዋለሁ። ማንም እንዳይሰርዛቸው።

ምንም የማይሰወረው አምላክ የአባታችንን ነፍስ በደስታ ይቀበል፤ በየብስም በባሕርም ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን። አሜን።