አግዳሚው ላይ የተውሽልኝ ቦታ

ይድረስ ላንቺ ለየሺ፣

ከቀየት እስከ ራቤል እንደኔ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። ካህናቱንና አስተማሪዎቹን ሳይጨምር ማለቴ ነው። የቀበሌውንም ጸሐፊ። ብቻ ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈና፣ በደርግ ጊዜ ከመሠረተ ትምህርት በገደል ያመለጠው ባልሽ ዘንድሮ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ፣ ይኸው በገዛ እጁ ይጽፍልሻል። እልል በይ።

ቤቱ ደህና ነው። ገብሱን ውርጭ መታው፤ ጥቁሯ በግሽ መንታ ወለደች። ባናሽን ለብሼ ነው የምተኛው።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ፎቶው ነው። ያኔ ገበያ ላይ "ና አብረን እንነሳ" ስትዪኝ፣ ሰው ፊት "ይሄን መልክሽን ወረቀት አይችለውም" ብዬ ሳቅሁብሽ። ብቻሽን ተነሳሽ፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጎንሽን ባዶ ትተሽ። ከዚያች ሌላ ፎቶ የለሽም።

አሁን ቀየት አንድ ፎቶ አንሺ መጥቷል። አዲስ አበባ የሰው ዕቃ ሲሸከም ኖሮ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ሲመለስ "አርቲስት ነኝ" ባይ። "አብራችሁ ላወጣችሁ እችላለሁ" አለኝ። መስኮቱን በጆንያ ደፈነ፤ ፎቶሽን በፊልም ገልብጦ፣ በጄኔሬተር በሚሠራ ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በዘረጋው አቡጀዲ ላይ ጣለሽ። ቁመትሽን አክለሽ መጣሽ። እኔንም ባዶው ቦታ ላይ አግዳሚ አስጠግቶ አስቀመጠኝ። የነጠላሽ ጫፍ በርኖሴ ላይ አረፈ። ላንቺ ጄኔሬተር፣ ለኔ አንዲት ሻማ! "ብርሃን ካበዛሁብህ እሷ ትጠፋለች" ይለኛል።

ደግሞ "የካሜራውን ዓይን ቶሎ ከዘጋሁት ጨለማ ነው የሚወጣው። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትመጣ። አባታችን ሆይን በልብህ እስክትጨርስ ንቅንቅ እንዳትል" አለ። ሚስቴን ለኔ ሊያስተዋውቀኝ! ከገበያ ቀስ ብለሽ ስትመጪ በር በሩን ሳይ የኖርኩት እኔ፤ ይሄ ትናንት የመጣ ባርኔጣ!

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አንቺ ቁልጭ ብለሻል። እኔ ባለ ሁለት አፍንጫ ጭስ። የታወቀልኝ በርኖሴ ብቻ። እህትሽ አስካለ አገላብጣ አየችውና "የሞተው የትኛው ነው?" አለች። ምላሷ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ እሱ አላረጀም።

ሰውዬው "ተነቃንቀህ ነው" አለኝ። እኔ ልሸነፍ? "ከጆንያህ የወረደ ቁንጫ አንገቴን በላኝ! ከአርቲስትነትህ በፊት ቤትህን ጥረግ!" ብዬ ገበያተኛው ፊት አዋረድኩት። ይኸው አገሩ "ባለቁንጫው" ይለዋል። በሩን ከፍቶ ይውላል፤ የሚገባ የለም። ባርኔጣውንም አውልቋል።

መምህራችን ደብዳቤ "አልረሳሽም" ተብሎ ነው የሚያልቀው ይላል። አልረሳሽም። ግን በሚመጣው ገበያ ለዚያ ሰውዬ ሰው ፊት የምነግረው ነገር አለኝና፣ አስቀድሜ ላንቺ ልናገር። ቁንጫዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። "በደላችንን ይቅር በለን" የሚለው ላይ ስደርስ አላስችል ብሎኝ፣ ዞሬ አየሁሽ።