አባዬ ያላረሙት ዜማ

ለተወደዱት አክስቴ ለእትዬ ዋጋነሽ፤ ከኮልፌ ተነስቶ ወልቂጤ የሚደርስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ሌሊሴ ቤቴል ሰፈር ካፌ ከፍታ ወፈረች፤ አይንገሩብኝ።

ወንድምዎ አባዬም ደህና ናቸው፣ ይበላሉ። ያኔ ገጠር ዞረው የሰበሰቧቸውን የሰርግ ዘፈኖች ለኪነት ቡድኑ ሲያዘጋጁ፣ ዘፋኟ እርስዎ አንዲት ዜማ ከለወጡ «የባላገሮቹን አደራ በላሽ!» ብለው ልምምዱን ያስቆሙ አልነበር? እሁድ የሙሽራዋን ዘፈን ሆን ብዬ አበላሽቼ ዘፈንኩላቸው። «ጎበዝ፣ ልክ ነው» አሉኝ። በሌላ ዜማ ደገምኩት። «እሱም ልክ ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

እትዬ፣ ሱቁን ለሰው ሰጥተው በዚህ ሳምንት ይምጡ። እርስዎም አበላሽተው ይዝፈኑላቸው። ቢያንስ እርስዎን እንደ ድሮው ይቆጡዎት ይሆናል።

ድምፅዎን አምላክ ይጠብቅልን።

ልጅዎ ምሥራቅ ደግፌ