እጅ ሳይታጠቡ የተነሳ ምሳ

ሐደራ፣ ማክሰኞ፣ ማርች 12፣ 1996

ዛሬ ከፋብሪካ ሥራዬ እረፍት ላይ ስለነበርኩ በምሳ ሰዓት አባዬ ወዳሉበት ቤት አቮት ሄድኩ፤ የሽማግሌ መጦሪያ ተብዬው። ነርሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ "አባትሽ መብላት እምቢ ብለዋል" ስትለኝ፣ እኔ ጅሏ አምኛት በስልክ አባዬን ስቆጣ ከርሜያለሁ።

ምሳው መጣ። አባዬ እንደ ልማዳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የሚያስታጥባቸው ሰው ጠበቁ። አሳላፊዋ ትሪውን አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ አለመነካቱን አይታ በዕብራይስጥ "ሎ ሮጼ፣ አይፈልግም" ብላ አነሳችው። እምቢታቸው ይኸው ነው! ሰማንያ ዓመት ሙሉ እጃቸውን ሳይታጠቡ እህል ነክተው አያውቁም።

ውሃ ቀድቼ ላስታጥባቸው እጅጌያቸውን ስሰበስብ ሁለቱም የእጅ አንጓዎቻቸው የማሰሪያ ምልክት ዞሮባቸው በልዘው ጠቁረዋል።

"ማነው ያሰረዎት?"

"ተይ ልጄ፣ ውሃ ፍለጋ እየተነሳሁ አስቸግሬያቸው ነው። ሰዎቹን እንዳታስቀይሚ።"

ነርሷን ስጠይቃት "እንዳይወድቁ ብለን ነው" አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ደሜ ፈላ። እየጮህኩ ልብሳቸውን በፌስታል ሰብስቤ ይዣቸው ወጣሁ። ነገ ጠዋት ጉዳያችንን በምትከታተለው ሶሻል ወርከር ቢሮ በር ላይ ነኝ፤ አንጓቸውን ታየዋለች።

ስንወጣ የመጦሪያው በር ላይ ስንደርስ አባዬ ዘወር አሉና ለነርሷ ጎንበስ ብለው "እግዜር ይስጥልኝ" አሏት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።