ካሳቫውን ቆርጬዋለሁ

ቫሲቲ፣

ወንዙ ሳይሞላ እማዬን ላመጣ ማዶ ሄጃለሁ። አውሎ ነፋሱ ዛሬ ማታ ይገባል ብሏል ራዲዮው።

የካሳቫውን ግንድ እስከ ጉልበት ቆርጬዋለሁ፤ ነፋሱ የሚይዘው ካጣ ሥሩን አይነቅለውም። አምና ይህንኑ ስትይኝ «አንቺ ፈሪ፣ ደመና ባየሽ ቁጥር ገጀራ ታነሻለሽ» ብዬ ሳቅሁብሽ። ካሳቫው ተነቅሎ በሰበሰ፤ ሦስት ወር በእርዳታ ሩዝ ኖርን። አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልዬ ድስቱ ውስጥ ከድኜዋለሁ።

የጣሪያው ገመድ በማንጎው በኩል አልታሰረም፣ አልደረስኩበትም። ወንድሜ፣ ያንቺው ባል፣ በሕይወት ሳለ እሱ ነበር የሚያስረው።
የሱን ነገር ተይው።
አንቺ ረጅም ነሽ፣ እሰሪው።

እስኪጨልም ካልመጣን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግቢ፤ ግንቡ ጠንካራ ነው። እኔን ፍለጋ ወንዝ እንዳትገቢ። ለዚህ ቤት አንዲት ግትር ትበቃዋለች።

መሬዮኒ