የዓለም ባንኳ ሴትዮ

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለጽጌማርያም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር አስቤ ተውኩት። ደህና ብሆን ኖሮ አንቺ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ኮልፌ ምን እንሠራለን? ስልኬን ስለማታነሺ ይህን ወረቀት ለጎረቤታችን ለሽኩር ሰጥቼዋለሁ፤ ሐሙስ ጭነት ይዞ በዚያ ያልፋል። በማርያም ይሁንብሽ፣ ሳታነቢው እንዳትቀጂው።

የዓለም ባንኳ ሴትዮ የለችም። ኖራም አታውቅም።

በሐምሌ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀምጠው፣ ጋሼ ዳኛቸው «አምሐ፣ ዓመት ሙሉ ለሚስትህ ጀርባህን የሰጠኸው ሌላ ሴት ይዘህ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉኝ፣ በዚያ ሳምንት የውጭ በር የበየድኩት ዓለም ባንክ ሰፈር ስለነበር አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። አንቺ በነጠላሽ አፍሽን ይዘሽ ስትወጪ እያየሁ እንኳ ቃሌን አላጠፍኩም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ማርቆስ፣ ሲሄዱ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው «ወንድ ልጅ ያጠፋል፣ ይክሳል» አሉኝ። አየሽ፣ ውሽማ ያለው ወንድ ትከሻውን ቸብ ቸብ ይደረጋል። አቅሙ የከዳው ምን እንደሚባል ግን ከብየዳ ቤታችን ወሬ አውቀዋለሁ። ሲሳቅ እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

እውነቱ ይኸው። ፍላጎቱም አቅሙም ጠፋብኝ። ከሥራ ስገባ ሰውነቴ ዝልፍልፍ ይላል፤ በትንሽ በትልቁ የምቆጣውም ለዚያ ነበር። እጅሽን ስትዘረጊልኝ የተኛሁ እመስል ነበር። አልተኛሁም ነበር ጽጌ። አንድም ቀን አልተኛሁም።

በመስከረም ለስኳሬ ክትትል ስሄድ ሲስተር ራዕይ የምትባል፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ነርስ «ጋሼ፣ ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት ላይ ችግር አለ?» አለችኝ። ካርዴን ነጥቄ ወጣሁ። ፌርማታው ላይ ቆሜ ሦስት የአስኮ ታክሲ አለፈኝ። ከዚያ ተመለስኩና «አለ» አልኳት። አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ሐኪሙ ጠዋት በባዶ ሆዴ ደም አስወሰደኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገመው። የወንድ ሆርሞኔ ዝቅ ብሏል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል አለኝ። ስድስት ዓመት ከስኳር ጋር ስኖር ይህን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሕክምና አለው፣ መጀመሪያ ግን ስኳሩ ይስተካከል፣ ቦርጩም ይቀንስ ብሎኛል። እንደ ድሮህ ትሆናለህ ብሎ አልማለልኝም። እኔም አልምልልሽም።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹን እዚያው ሳሎን ጠራኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ስኳሩንም፣ ሆርሞኑንም፣ ውሸቴንም። ጋሼ ዳኛቸው «ኧረ ተው አምሐ! ይሄ እንኳን በሰው ፊት፣ በጓዳም አይወራ!» አሉ። «በጓዳ ባለመወራቱ አይደል እንዴ ትዳሬ የፈረሰው?» አልኳቸው። እስካሁን ሰፈሩ ሳይሰማ አይቀርም። ይስማ! ብየዳ ቤትም የፈለገ ይሳቅ፤ ስቆ ሲጨርስ የስኳር ምርመራውን የት እንዳደረግሁ አሳየዋለሁ። ለወንድሞችሽም ንገሪያቸው። በበሽታዬ አላፍርም። የማፍረው፣ ምን ጎደለኝ ብለሽ መስታወት ፊት ስትቆሚ እያየሁ ዝም በማለቴ ነው። ይቅር በይኝ።

ሽማግሌ አልልክብሽም፤ በሽማግሌ ፊት ያወራሁት ይበቃል። ሐኪሙ ኅዳር 3 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከባለቤትህ ጋር ና ብሎኛል። ባትመጪም ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ኪኒኔንም እውጣለሁ። ከእንግዲህ አልደበቅም።

እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ፤ የእህትሽን ቤትም ከክፉ ትጠብቅ።

ሲስተር ራዕይ ካርዱን ስትሞላ «ባለትዳር ነዎት?» ብላኝ «አዎ» ብያታለሁ። እውነት ይሁን ውሸት፣ እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አምሐ