አልጋው ይቆይልኝ

የካቲት 12፣ ማክሰኞ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ቤት ያለነው አባባና እኔ ብቻ ነን፤ እሳቸው ተኝተዋል።

የምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? ያ የጎንህ ውጋት ተወህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። አባባን ግን ደህና ናቸው ብዬ አልዋሽህም።

ለሠርጌ አልጋ ይሥሩልኝ ብለህ የጻፍክላቸው ልባቸውን ለማሞቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ካነበብኩላቸው ቀን ጀምሮ ግን መጋዙ አላረፈም። ሐኪሟ ጉበታቸው በጠባሳ ተሞልቷል፣ የጉሮሯቸው ደም ሥሮች አብጠዋል፣ ከባድ ነገር ሲያነሱ ሊደሙ ይችላሉ ብላናለች። እሳቸው ግን "የሚበሰብሰው የተጋደመ ግንድ ነው" ይሉኛል።

ባለፈው ዓርብ ሁለት ወፍራም ጣውላ ብቻቸውን አነሱ። ከቀትር በኋላ ሳያቸው አንዱን ጣውላ ሦስቴ ለክተው ሦስቴም አሳጥረው ቆርጠውታል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እግራቸው አብጦ ጫማው አልወልቅ አለ። በእናታችን ስም ጠሩኝና "ይህ አልጋ የማን ነው?" አሉኝ። ሮጬ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳቸው። በመድኃኒት ልባቸው የተመለሰው በሁለተኛው ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛትም ጡንቻቸውን ይጨርሰዋል፤ ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ቁጭ ብለው ቀላል ነገር ይሥሩ አለች።

ዛሬ ጠዋት መጋዙን እንደገና ሲያነሱ የድሮ ደብዳቤህን አወጣሁና አዲስ አስመስዬ ያልጻፍከውን አነበብኩላቸው። ከመጠቅለያ ወረቀት ለቃቅሜ የተማርኩትን ንባብ ለውሸት ሳውለው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። "አባባ፣ አልጋው ይቆይልኝ፤ መጀመሪያ የቤቴ ማንኪያዎች ከእጅዎ ይሁኑ" ብለሃል።

ከዚያ "ድገሚው" አሉኝ። አንድ ቃል ሳልለውጥ ደገምኩት።

"አልጋ ሠሪውን ማንኪያ ጠራቢ አደረገኝ፣ ያ ያሳደግሽው ጉደኛ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተቀይመውሃል። ቢቀየሙህ ይሻላል።

እሑድ ስትደውልላቸው ቃሉን እንዳለ ድገምልኝ። "አልጋውስ ከምን ደረሰ?" ካልክ ይነሳሉ፤ እኔንም ሁለተኛ አያምኑኝም።

እጮኛህን ሳምልኝ። አብሮህ የሚኖረውን ጓደኛህንም ሰላም በልልኝ። አባባ በቁጣቸው መሃል ምግብ ይበላል ወይ ብለው ስለ አንተ ጠይቀውኛል።

ረቡዕ ጠዋት። ዝናቡ አባርቷል። አባባ ሳይነቁ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሜ ጎረቤታችን በር ሠሪው ዘንድ አደረስኩ። ከቁራጩ አንድ ማንኪያ በሻካራው ጠረበልኝ። እሱንና የብርጭቆ ወረቀቱን መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቁርሳቸውን አቅርቤ ከደንኩት። መጋዙን በሻርፔ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዤው መውጣቴ ነው።